ሆድ ይፍጀው ያልኩት ነገር

ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። ዘንድሮ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችው። ስልኩን እንዳነሳሁት "ልመለስ ነው" አለችኝ። ምን ሆነሽ ነው ብላት መልስ የለም። ለቅሶ ብቻ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እህቴ የገባችበትን ነገር አውቀዋለሁ፤ እኔም ገብቼበት ወጥቻለሁ። በማግስቱ ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምታለቅስ ሌላ ልጅ ካለች ይድረሳት።

እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ የደቡብ ወሎዋ ሐይቅ። የተመደብኩት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከሐይቅ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ እዚያ አዳር፣ በማግስቱ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ። ከዚያ በፊት ከደሴ አልፌ አላውቅም። ጊቤን ስንሻገር በመስኮት ቁልቁል እያየሁ "አሁን ብታመም እናቴ በስንት ቀኗ ትደርሳለች?" ብዬ ያሰላሁት ትዝ ይለኛል።

እናቴ የእቁብ ተራዋ አልደረሰም ነበር። የሌላ ሰው ዕጣ ለምና ወስዳ ነው የመንገዴን ያዘጋጀችው። ጎረቤቱ ሁሉ መርቆ ነው የሸኘኝ። "ዶክተር ሆነሽ ነይ" ያላለኝ የለም። ያ ምርቃት ከሻንጣዬ በላይ ይከብድ ነበር። ያኔ ግን አልገባኝም።

ጅማ የገባነው በክረምት ነው። ዝናብ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት እዚያ ነው። ጠዋት ይዘንባል፣ ማታ ይዘንባል፣ የታጠበ ልብስ ለሦስት ቀን አይደርቅም። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። አንዷ ከአጋሮ፣ አንዷ ከዳውሮ ተርጫ፣ አንዷ ከጎጃም ሞጣ፣ አንዷ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከጅግጅጋ፣ እና እኔ። ስማቸውን አልጽፍም። በአገራችን ነበር የምንጠራራው፤ "አጋሮ ነይ ቡና"፣ "ሞጣ መብራት አጥፊ" እየተባባልን። እኔ "ሐይቅ" ነበርኩ።

የመጀመሪያው ሚድ፣ የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና ማለት ነው፣ የሒሳብ ነበር። ውጤቱ በመታወቂያ ቁጥር ተለጠፈ። ቁጥሬን ፈልጌ በጣቴ ተከተልኩ። ከ30 አሥራ አንድ። ሌላ ሰው እንዳያይብኝ ጣቴን ቶሎ አነሳሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ከአንደኛ ወይም ከሁለተኛ ወርጄ አላውቅም። ማታ እናቴ ደውላ "ትምህርት እንዴት ነው?" ስትለኝ "በጣም ጥሩ ነው" አልኳት። ለዶርሞቼም አልተናገርኩም።

እኛ ቤት ችግር አይወራም። አባቴ ባረፈ ጊዜ እናቴ ከአርባው በኋላ ስሙን ስታነሳ የሰማኋት ከስንት አንዴ ነው። ሰው ሲጠይቃት "ሆድ ይፍጀው" ትላለች፤ በቃ። እኔም ያንኑ አደረግኩ። እናቴን አልወቅሳትም፤ አራት ልጅ ያሳደገችው በዚያ ጥንካሬ ነው። ግን እሷ ሐይቅ ላይ ዝም ስትል ዙሪያዋን ዘመድ ነበር። ባታወራም ቡና የሚጠጣላት፣ ሳትጠራው የሚመጣ ሰው ነበራት። እኔ ዝምታዋን ብቻ ይዤ ነው ጅማ የወረድኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆዴ ማቃጠል ጀመረ። በእውነት ማቃጠል። የካፌው ሽሮ ነው ብዬ መብላት ተውኩ። ሌሊት ልቤ ይመታል። ሳበጥር ፀጉሬ በማበጠሪያው ይወጣል። መጽሐፍ እከፍታለሁ፤ አንድ ገጽ ላይ አንድ ሰዓት እቆያለሁ፤ የገባኝ ነገር የለም። ክሊኒክ ሄድኩ፤ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጠኝ። ተመልሼ ሄድኩ፤ ያው። ሦስተኛው ላይ አንዲት ጠና ያሉ ነርስ ካርዴን አይተው "ልጄ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ነው የምትተኚው?" አሉኝ። "ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ" አልኩ። "ከሰው ጋር ቁጭ ብለሽ የልብሽን ያወራሽውስ መቼ ነው?" መልስ አጣሁ። እንባዬ ቀደመኝ።

አሁን እኔም ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ጅማ ነው የምሠራው። ስለዚህ አንድ ነገር ላስረዳ። ስንጨነቅ አካላችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፤ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ የምግብ መፈጨት ሥራው ይዛባል። ከጅብ ለመሮጥ ይህ ጥሩ ነው። ጭንቀቱ ግን ጅብ ሳይሆን ውጤት ሲሆን፣ ሳምንት ሙሉ ሳይለቅ ሲቀር፣ ሆድም እንቅልፍም ይታወካል። ይህ ማለት የጨጓራ ቁስል ከጭንቀት ብቻ ይመጣል ማለት አይደለም። ዋና ዋና መንስኤዎቹ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሆዱ የሚያቃጥለው ሰው መመርመር አለበት። ግን ምርመራው ምንም ካላሳየ፣ መድኃኒቱም ካልሠራ፣ "ሆዴ ውስጥ ያስቀመጥኩት ነገር አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነው።

ነርሷ ወደ ምክር አገልግሎት ላኩኝ። ሦስት ቀን ፈራሁ። "አበደች" ይሉኛል ብዬ ነው። አራተኛው ቀን የምሳ ሰዓት ጠብቄ፣ ሰው ሲቀንስ ገባሁ። አማካሪዋ ወረቀት ሰጠችኝና መሐሉ ላይ መስመር እንዳሰምር አዘዘችኝ። በግራ ልለውጠው የምችለውን፣ በቀኝ ልለውጠው የማልችለውን። የሒሳብ ውጤት በየት በኩል ነው? እናቴ ናፍቃኛለች በየት በኩል ነው? ይህ ከየት እንደመጣ የገባኝ ቆይቶ፣ ሳይኮሎጂ ስንማር ነው። ላዛረስና ፎክማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳስቀመጡት ሰው ጭንቀትን በሁለት መንገድ ይቋቋማል፤ አንዱ ችግሩን በመፍታት፣ ሌላው ስሜቱን በማስታገስ። ለሚፈታ ችግር ማልቀስ ብቻውን አይበቃም። ለማይፈታው ደግሞ መታገል ያደክማል። የኔ ጥፋት ለሁለቱም አንድ መድኃኒት ማዘዜ ነበር፤ ዝም ማለት።

አሁን ወደ ዶርሞቼ ልመለስ። ትልቁን ትምህርት የሰጡኝ እነሱ ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሞጣ ሹሩባ ትሠራን ነበር። እጇ ጎበዝ ነው። መሬት ላይ ፍራሽ ትዘረጋለች፤ አንዳችን ጉልበቷ መሐል እንቀመጣለን፤ ሌሎቻችን አልጋ ላይ ተራ እንጠብቃለን። አጋሮ ቡና ታፈላለች። ሞጣ ብዙ አታወራም። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ ታነባለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ዳንቴል ትሠራለች። ሁልጊዜ እጇ ሥራ ላይ ነው። እኔ "ይቺ ልጅ ብረት ናት" እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ተራዬ ደርሶ ተቀመጥኩ። ጀርባዬን ሰጥቻታለሁ፤ ፊቷን አላይም። ምናልባት ለዚያ ይሆናል የወጣልኝ። "ሒሳብ አሥራ አንድ ነው ያመጣሁት" አልኩ። እጇ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ጉንጉኑን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ "እኔ ዘጠኝ ነው" አለች።

አንድ ወር ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ፣ እሷ ከታች እኔ ከላይ ተኝተን፣ ሁለታችንም ያንኑ ሸክም ይዘን ነበር። እሷ በሥራ ደበቀችው፤ እኔ በብርድ ልብስ። አዲስ አበባ ከአልጋዋ ላይ ወርዳ መጣችና "እኔ ሃያ አራት አለኝ፣ ለምን አልጠየቃችሁኝም?" ብላ ተቆጣች። ስለ እሷ ማውራት አለብኝ፤ ምክንያቱም በጣም የተሳሳትነው በእሷ ነው።

አዲስ አበባ እንግሊዝኛዋ እንደ ውኃ ነው። መምህር ስትጠይቅ አትፈራም። ስልኳ ጥሩ፣ ልብሷ ጥሩ። ምን ሊጎድላት ይችላል ብለን ነበር። እሷ ግን በሕይወቷ ልብሷን በእጇ አጥባ፣ ሽንት ቤት ተሰልፋ አታውቅም። ማታ ማታ ፊልም የምታይ ይመስለን ነበር፤ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ታለቅስ ነበር። ሁሉም ሰው "አንቺ ምን አለብሽ" ስለሚላት መናገር አፈረች። የደላት የመሰለን ልጅ ማልቀሻ ቦታ አጥታ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እሷ ሒሳብና እንግሊዝኛ ታስረዳናለች፤ ሞጣ ልብስ እንዴት እንደሚጨመቅ አስተማረቻት።

አጋሮንም አልገባንም ነበር። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ዓርብ ከሰዓት ትሄዳለች፤ እሁድ ማታ ጭኮና የተቆላ ቡና ይዛ ትመለሳለች። እንቀናባት ነበር። ጥቅምት ሲገባ ግን ጠውልጋ መምጣት ጀመረች። የቡና ለቀማ ነው። አባቷ ታመው ስለነበር ቅዳሜና እሁድ የምትለቅመው እሷ ናት። ቤት ቅርብ መሆኑ ለእሷ ማረፊያ ሳይሆን ሁለተኛ ሥራ ነበር። የሚገርመው የምትጽናናውም እዚያው ነው። "እናቴን ካላየሁ አልቀለልም" ትላለች። እኛ የቻልነው ሰኞ ኩዊዝ ሲኖር ኖታችንን አዘጋጅተን መጠበቅ ነው። እሁድ ማታ እሷ ቡና ታፈላለች፤ እኛ እናነብላታለን።

ተርጫ ደግሞ ፌሎሺፕ፣ የፕሮቴስታንት ተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ነበረች። ሲከፋት ትዘምራለች። መጀመሪያ "መዝሙር ሒሳብ ይሠራል ወይ?" እል ነበር በልቤ። በኋላ አብሬያት ሳየው ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሲኒየሮች አሉ። ያለፈ ዓመት ወርክሺት ይሰጧታል፤ ስትቀር ደውለው የት ሄድሽ ይሏታል፤ ስትታመም ሾርባ ያመጣሉ። የሙስሊሞቹ ጀመዓም፣ የኦርቶዶክሶቹ ግቢ ጉባኤም እንዲሁ ነው። እኔ ሃይማኖት እንዳለኝ እንጂ ሄጄ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ግቢ ጉባኤ መሄድ ጀመርኩ። ጸሎቱ ልቤን አሳርፎታል፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያሳረፈኝ "ስምሽ ማነው? የት አገር ነሽ?" ያለችኝ ልጅ ናት።

የጅግጅጋዋ ጓደኛዬ ከሁላችንም ትለያለች። እሷ ጭንቀቷን አትሸከምም፤ ታከፋፍለዋለች። ሻይዋን ትቀዳና ስልኳን ታነሳለች። ለእናቷ፣ ለአክስቷ፣ ለአጎቷ፣ ለአያቷ። የፈተና ውጤቷን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። ዝቅ ሲልም ያውቁታል። በሶማሊኛ ጮክ ብላ ስታወራ እኔ የተጣላች ይመስለኝ ነበር። ለእናቴ እንደዋሸሁ ስነግራት አልገባትም። በዚያ ለስላሳ አማርኛዋ "እናትሽ ካልሰማች ማን ይስማ?" አለችኝ። በዚያው ማታ ለእናቴ ደወልኩ። አሥራ አንድ ማምጣቴን ነገርኳት። ዝም አለች። ልቤ ቆመ። ከዚያ "ታዲያ ምሳ በልተሻል?" አለችኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ እንባዬ ይመጣል። አንድ ወር ሙሉ የፈራሁት ይህን ጥያቄ ነበር።

ሁሉም ነገር በመናገር ይድናል ማለቴ አይደለም። ሞጣ ዛሬም ብዙ አታወራም፤ ዳንቴሏ በእርግጥ ያሳርፋታል። የእሷን ዝምታ ከእኔ የለየው፣ ሲከብዳት ለአንድ ሰው ሁለት ቃል መናገር መልመዷ ነው። ሁለት ቃል ይበቃታል። ለጅግጅጋዋ ሁለት ሰዓት አይበቃትም።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ በቀኝ በኩል የሚጻፍ ነገር መጣብኝ። 2014 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና አካባቢዋ ደረሰ። ስልክ ተቋረጠ። እናቴና እህቶቼ ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ ሳምንታት አለፉ። እዚህ ላይ ምክር የለኝም። ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር። ያደረግኩት የቀን ሥራዬን መያዝ ብቻ ነው፤ ተነስቶ መታጠብ፣ ካፌ መሄድ፣ ክፍል መግባት። ዜና በቀን ሁለቴ ብቻ፤ ጠዋትና ማታ። ይህን ያስወሰነችኝ አዲስ አበባ ናት፤ ስልኬን ራሷ ትይዘው ነበር። አንድ መምህሬ ሁኔታዬን ነግሬው ፈተናዬን በሌላ ቀን እንድወስድ ፈቀደልኝ። ባልናገር ኖሮ ዜሮ ነበር። ማታ ማታ ተርጫ ትጸልይልኝ ነበር፤ አጋሮና ጅግጅጋ በሶላታቸው ያስታውሱኝ ነበር፤ ሞጣ ዝም ብላ አጠገቤ ትተኛለች። ስልኩ ተመልሶ የእናቴን ድምፅ ስሰማ ዶርሙ ሁሉ ጮኸ፤ የዶርሙ ተቆጣጣሪ ፕሮክተሯ ደንግጣ መጣች።

ስለ ጫትና ስለ ቡናም ሳልናገር አላልፍም፤ ጅማ ነው ያለነው። ጫት እዚህ አገር ለብዙ ሰው የጸሎትም የማኅበራዊ ኑሮም ነገር ነው፤ ያንን አልነካም። ፈተና ሲደርስ ግን ከየትም የመጣ ተማሪ "ሌሊቱን ላድርግበት" ብሎ ይጀምራል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በእርግጥ እንቅልፍ ያባርራል። ግን ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ይመጣል፤ እንቅልፉም በመፈለጊያው ሰዓት እምቢ ይላል። አንድ የክፍላችን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ አንብቦ፣ ንጋት ላይ እንቅልፍ ጥሎት ፈተናው አምልጦታል። ያነበብነው ነገር አእምሮ ውስጥ እንዲረጋ እንቅልፍ ትልቅ ድርሻ አለው። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያነበው በወንፊት ውኃ እንደመቅዳት ነው።

ቡናም እንዲሁ። እኔ ማታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቼ "ለምን አልተኛም?" እያልኩ አለቅስ ነበር። ከጠጣነው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነታችን ውስጥ አለ። አጋሮን ለመንኳት፤ የቡናውን ሰዓት ወደ ቀን ስምንት ሰዓት አመጣችልን። ይህች ትንሽ ነገር ከጨጓራ መድኃኒቱ በላይ ጠቀመችኝ።

ፈተና ክፍል ውስጥ ልቤ ሲመታ ደግሞ የማደርጋት አለች። አራት እየቆጠርኩ አየር በአፍንጫዬ አስገባለሁ፤ ስድስት እየቆጠርኩ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። ማስወጫው ከማስገቢያው ሲረዝም ልብ ይረጋጋል። ወረቀቱን ሳልገለብጥ አምስት ጊዜ። ለበሽተኞቼም አሁን አሳያቸዋለሁ።

ፈተና ባለቀ ማግስት በእግራችን ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፤ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ። አጋሮ መንገድ መሪ ሆነች። ከላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ጅማ በዛፍ ተሸፍና፣ ቆርቆሮዎቿ ብቻ በፀሐይ ያበራሉ። ጅማን የወደድኳት ያን ቀን ነው። ዶርም ውስጥ ተዘግተው የሚከርሙ ልጆችን ሳይ ያሳዝኑኛል። የተመደባችሁበትን ከተማ ውጡና እዩት። ብር አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እላለሁ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ ምንም ነገር ደስ የማይላችሁ ከሆነ፣ ክሊኒክ ሂዱ፤ "ጨጓራ ነው" ብቻ አትበሉ፤ እንቅልፋችሁንም ሐሳባችሁንም ተናገሩ። "ባልኖር ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አንድ ቀን አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት አጠገባችሁ ያለውን ሰው ቀስቅሱ፤ ሌሊትም ቢሆን፣ የማትግባቡትም ቢሆን። ዶርማችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት፤ አብራችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ።

እህቴ በማግስቱ ስደውልላት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ይህን ሁሉ ከመንገሬ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኳት። "ዶርምሽ ውስጥ እነማን አሉ?"

"አምስት ልጆች።"

"ከየት ናቸው?"

ዝም አለች። "አላውቅም። አልጠየቅኳቸውም።"

"ዛሬ ማታ ጠይቂያቸው" አልኳት።

እሁድ ደወለች። አርባ ደቂቃ አወራን። አንዷ ከመቱ፣ አንዷ ከአርባ ምንጭ፣ አንዷ ከአሶሳ ነች አለችኝ፤ የሁለቱን አገር ነግራኝ ረሳሁት። የመቱዋ ልጅ ማታ ማታ እንደምታለቅስ፣ እሷም እንደሰማቻት፣ ዓርብ ለት አብረው ወጥተው ሻይ እንደጠጡ ነገረችኝ። ልትዘጋው ስትል "ደግሞ ሒሳብ ስምንት ነው ያመጣሁት፣ ከሃያ" አለች። "ለእማዬ ነግሬያታለሁ።"

"ምን አለችሽ?"

"ምሳ በልተሻል ወይ።"